ያልተጠጣው ብርዝ

ቀጄላ ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ሞተር ጋር እየተሽቀዳደመ ሲያወራ የኖረ ሰው ስለሆነ ቤቱ ገብቶም ዝግ ብሎ መናገር አይሆንለትም፤ ሚስቱ ጋዲሴ "ምሳችን ምን እንደሆነ ጎረቤት ከኛ ቀድሞ ያውቃል" ትላለች። ይህ ሰው በዓለም ላይ ሁለት ነገር አብዝቶ ይወድ ነበር፤ ጣፋጭ ነገርንና ልጁን ቢሊሴን። ጣፋጩን ከተወ ቆየ። ልጁን ደግሞ ሊድራት ነው።

ስኳር በሽታ እንዳለበት የነገሩት ቀን አልተከራከረም። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ እግሩን ተቆርጦ፣ ከተቆረጠም በኋላ ብዙ ሳይሰነብት ሞቷል። ቀጄላ የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበርና እንዴት ቀሎ እንደነበር ትከሻው አልረሳውም። ስለዚህ ከሐኪም ቤት በተመለሰበት ቀን ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ። ፊቱን እያጨማደደ ጠጣ፤ ቢሆንም ጠጣ።

መከራው የመጣው ሰው ሲያዝንለት ነው። "ስኳሩን ከተውክ ማር አለልህ አይደል እንዴ" አለው አንዱ። "ማርማ መድኃኒት ነው" አለው ሌላው። እውነት ለመናገር በኛ አገር ማርን የሚያማ ሰው አይገኝም። ስኳርን ማማት ቀላል ነው፤ ከፋብሪካ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይወደዳል፣ ሰው ያሰልፋል። ቢወነጅሉት ማን ያዝንለታል? ማር ግን ከአበባ ነው የሚመጣው፣ ቁስል ይቀባል፣ ሳል ያበርዳል፣ መጽሐፍም ያወድሰዋል። ቀጄላም እንደ ሰው ሁሉ አመነ። ጠዋት በዳቦ፣ ከሰዓት በሻይ፣ ማታ ደግሞ እንዲሁ በማንኪያ፤ ስኳርን የተበቀለ እየመሰለው ማሩን ላሰው።

ክረምቱ ሳይወጣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ። አሶሳ ወስደው ሲያስተኙት ነርሷ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው። "በስኳር ደጃፍ አላልፍም" አላት እየኮራ።

"ማርስ?"

"ማርማ እንዴታ።"

ልጅቷ አልሳቀችበትም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በዝግታ አስረዳችው። ማር ለጤነኛ ሰው ከስኳር ሻል የሚልበት ነገር አያጣም፤ ስለሚጣፍጥ ጥቂቱ ይበቃል፣ ስኳር ውስጥ የሌለ አንዳንድ ነገርም አለው። የሰውነቱ የስኳር ልክ ለተዛባበት ሰው ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። "ንብ ትሥራው ፋብሪካ ይሥራው፣ ደምዎ ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም፣ አባባ" አለችው።

ቀጄላ ካልታዘልኩ አላምንም ከሚሉት ወገን ነው። የስኳር መለኪያ ማሽን ገዛ። አንድ ጠዋት ማር በልቶ ለካ፤ ሌላ ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ለካ። የማሩ ቁጥር ትንሽ ዘግየት ብሎ ወጣ እንጂ የወጣበት ቦታ ያው ነበር። ከዚያ ወዲያ ማርን ተወ። ለሰው ግን ብዙም አላወራም፤ ባምባሲ ላይ ቆሞ በማር ላይ መመስከር ጠላት መግዛት መሆኑን ያውቃል።

እንግዲህ የቢሊሴ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ዱሬሳ የሚባል አሶሳ ላይ የመብራት ሥራ የሚሠራ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ከልብስ ስፌቷ ቀና ብላ ስለ እሱ ስታወራ ፊቷ ይለወጥ ነበርና ቀጄላ ልጁን ገና ሳያየው ወደደው። የዱሬሳ አባት ረጋሳ ከባምባሲ ወጣ ብሎ የሚኖር ንብ አርቢ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ልጆቹን ለብቻው ያሳደገ፣ ቁጥብ፣ ቶሎ የሚከፋው ሰው። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ተጠየቀ፣ ተፈቀደ። የቀረው ቃል ማሰሪያው ነበር።

በነቀጄላ ወገን ዘንድ ቃል የሚታሰረው በብርዝ ነው። ወንጌላውያን ስለሆኑ ጠጅ አይጠጡም፤ በጠጁ ፈንታ የወንዱ ወገን ከገዛ ቀፎው ማር ቆርጦ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ሳይፈላ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠጣው የልጅቷ አባት ነው። የአባትየው ብርጭቆ ባዶውን ሲቀመጥ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ይጠጣል፣ ይጸለያል፣ ይዘመራል።

ቀጄላ ነገሩን አስቦበት ለሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ለጅረኛ አስቀድሞ ነግሮት ነበር። "ስኳር አለብኝና አደራ፣ ብርዙን ነገር አስቡበት" አለው። ጅረኛም ቃል ሳያጎድል ለረጋሳ አደረሰ። ረጋሳ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ስኳር ላለበት ሰው ከንጹሕ ማር የተሻለ ምን ይመጣለታል? ለገበያ ከማያወጣው ቀፎ ቆረጠ። እጁን ታጥቦ ራሱ በጠበጠው። ለአማቹ ሕመም አስቦ፣ ከሌላው ለይቶ አዘጋጀለት።

በዚያ ቅዳሜ የቀጄላ ሳሎን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ጅረኛ መረቀና ብርጭቆው ለቀጄላ ተሰጠው። ቀጄላ ተቀበለ። ሽታው አፍንጫውን ሲነካው ምራቁ ሞላ፤ ለመጠጣት ያልተመኘ አይምሰላችሁ። አንድ ብርጭቆ እንደማይገድለው ያውቃል። ግን ራሱንም ያውቃል፤ የሠርጉ ወሬ ከተሰማ በየዘመዱ ቤት እየዞረ እንዲህ ያለ ብርጭቆ ሊቀርብለት ነው፤ እዚህ ጠጥቶ እዚያ በምን አፉ እምቢ ይላል? በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣችው ቁስልም ስንት ሳምንት ሆኗት ገና አልጠገገችም። ብርጭቆውን ከንፈሩን አስነካና መልሶ አስቀመጠው።

ረጋሳ አየ። "ኦቦ ቀጄላ፣ አልጣፈጥዎትም?"

"ጣፍጦኛል። ስኳር አለብኝ፤ ለጅረኛ ነግሬው ነበር።"

"ነግሮኛል። ስለዚህ እኮ ነው ከራሴ ቀፎ የቆረጥኩልዎት። ማር ብቻ ነው ያለው።"

"አምናለሁ። ግን አልችልም።"

በዚያ ሳሎን ውስጥ ከቀጄላ፣ ከሚስቱና ከልጁ በቀር ሰው ሁሉ ስኳር ያለበት ሰው ንጹሕ ማር መጠጣት እንደሚችል ያውቃል፤ ያውቃል ስላችሁ ያምናል ማለቴ ነው። እንግዲህ ስኳር ያለበት ሰው የማር ብርዝ አልጠጣም ካለ ምን ማለቱ ነው? ማሩ ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለቱ ነው። ይህንን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። በዚያ ላይ ካቻምና አሶሳ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ የረጋሳን ማር "ስኳር አለበት" ብሎ በሰው ፊት መልሶበት ነበር። ውሸት ነበር። ግን ወሬው ከውሸቱ በላይ ሰንብቷል።

ረጋሳ ተነሣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እኛ ማር ውስጥ ስኳር የምንጨምር ሰዎች አይደለንም" አለና ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። ወገኖቹ ተከተሉት። ዱሬሳ በሩ ላይ ዞር ብሎ ቢሊሴን አያት፤ አባቱን ትቶ መቅረት አልቻለምና ሄደ።

ማታውን ጋዲሴ ባሏን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። "አንድ ብርጭቆ ነበረች፣ ቀጄላ" አለች ብቻ። ቢሊሴ ደግሞ "አባዬ፣ ለኔ ብለህ እንዳትጠጣ" አለችው። ፊቷን አጠንክራ ነው ያለችው። ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ግን ሰማት።

በሦስተኛው ቀን ጅረኛ መጣ። የረጋሳን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ፤ "ማሬን በሰው ፊት አርክሶታልና በዚያው ሰው ፊት ይጠጣ፤ ካልጠጣ ልጁን ያቆያት።"

ቀጄላ ሌሊቱን ሲያገላብጠው አደረ። በነጋታው እህል ሳይቀምስ፣ የስኳር መለኪያውን በኪሱ ይዞ፣ በእግሩ ወደ ረጋሳ ቤት ወረደ።

ረጋሳን ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ኩበት ሲያያይዝ አገኘው። ማር የሚቆረጥበት ወቅት ነው። ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ሆኖም ደጅህ የመጣን ሰው አትመልስምና በርጩማ አቀረበለት። ቀጄላ ማሽኗን አወጣና ያሰበውን ነገረው። ማር እበላለሁ፤ ደሜ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አብረን እናያለን።

ረጋሳ ማሽኗን በአንድ ጣቱ ገፋት። "ይህች የስኳር መለኪያ አይደለችም? ስኳር አገኘሁ ካለች፣ ማሬ ስኳር አለበት ልትለኝ ነው። ይህን ሳታስብ መጣህ?" አንቱታው ቀርቷል።

"አስቤአለሁ። ለዚህ ነው ከቀፎው ራስህ ቆርጠህ የምትሰጠኝ። ከነማር እንጀራው፤ ዕቃ ሳይነካው። ከንቧ በቀር የማንም እጅ እንዳይገባበት።"

ረጋሳ ይህንን ትንሽ አሰበበት። ፍትሐዊ መሰለው መሰለኝ፣ ተነሣ። መጀመሪያ ቀጄላ ባዶ ሆዱን ለካ፤ መቶ አርባ። ረጋሳ መነጽር የለውምና ቁጥሩን ቀጄላ አነበበለት። ከዚያ ረጋሳ ጭሱን እየነፋ ቀፎውን ከፈተ፣ ነጭ ሰፈፍ የለበሰ ማር ከነእንጀራው ቆርጦ በቅጠል ሰጠው። ቀጄላ በላ። እንዴት እንደጣፈጠው አልነግራችሁም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ ልበልና ልለፈው። ማሩ እጁ ላይ ቀርቶ ማሽኗን እንዳያሳስታት ደግሞ ረጋሳ ራሱ ውሃ አፍስሶ አስታጠበው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው አንድ ሰዓት ያህል ማንጎ ሥር መቀመጥ ቀላል አይደለም። ረጋሳ ቀድሞ ተናገረ፤ ስለ ንቦቹ ጀመረና ሳያስበው ወደ ሚስቱ መጣ።

"ይህን ቀፎ ቡሴ ናት የምትወደው" አለ። "ለገበያ የማላወጣውም በሷ ነው።"

"ነፍስ ይማር። ምን ነበር ሕመሟ?"

"ያንተው ነው። ስኳር።"

ቀጄላ ቀና ብሎ አየው። ይህንን አያውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

"ስኳር የሚባል አላስቀመስኳትም" አለ ረጋሳ፣ መሬቱን በእንጨት እየጫረ። "ከቤቴ አስወጣሁት። ልጆቹ እንኳ ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። ጠዋት ጠዋት ከዚህ ቀፎ በብርጭቆ እበጠብጥላታለሁ። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ጨመርኩላት። መጨረሻ ላይ ሰለቻትና በቃኝ አለች። ተቆጣኋት። አንድ ቀን ብቻ ነው በሕይወቴ የተቆጣኋት። ደስ ይበልህ ብላ ጠጣችልኝ።" እንጨቱን ጥሎ ጨመረ፤ "እግዜር ያየኛል፤ የምችለውን አላጎደልኩባትም። አሁንም እህቴን ይኸው በሽታ ያዛት፤ ነጆ ነው ያለችው፤ ከዚሁ እልክላታለሁ።"

ቀጄላ በሕይወቱ ብዙ ክርክር ረትቷል። ይህንን ግን መርታት አልፈለገም። ማሽኗ ተበላሽታ ባገኘኋት ብሎ ተመኘ። ጣቱን ወግቶ ደሙን ቀጭኗ ወረቀት ላይ አስነካ።

ሁለት መቶ ሰባ።

ረጋሳ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ያለ መነጽር ማንበብ አይችልም። ቀጄላ አፉን ሊከፍት ሲል ሌላ ቁጥር ምላሱ ላይ መጣለት። መቶ ሃምሳ ቢለው ምን አለበት? ረጋሳ ይደሰታል። ቀጄላ በሰው ፊት ብርጭቆውን ይጨልጣል፣ ለአንድ ቀን መድኃኒቱን ጠበቅ አድርጎ ይወስዳል፣ ቢሊሴ ትዳራለች። የሞተችው ሞታለች። ይህ ሰው የሚስቱን ጠዋት ጠዋት እንደ በረከት እያሰበ ቢኖር ማን ይጎዳል? እውነቱን ብትጠይቁኝ እኔ በሱ ቦታ ብሆን መቶ ሃምሳ እል ነበር።

ግን ነጆ ያለችው ሴት አለች። በሕይወት አለች፤ ከወንድሟ የተላከ ማር እየጠበቀች ነው።

"ሁለት መቶ ሰባ ይላል" አለ ቀጄላ። ድምፁን ሰው ሆኖ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ዝቅ አድርጎት አያውቅም።

"የቅድሙ መቶ አርባ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"በማሬ ነው?"

"ማርህ ንጹሕ ነው፣ ረጋሳ። እንዲህ ያለ ማር በልቼ አላውቅም። ንጹሕ ሆኖም ነው።"

ረጋሳ ተነሥቶ ወደ ቀፎው ሄደ። ክዳኑን ዘግቶት ነበር፤ ግን እንደገና አነሣና እንደገና ገጠመው። ጀርባውን እንደሰጠ ቆየ። ቀጄላ የሚለው ነገር ፈለገ። የሞተችው በማሩ አይደለም፣ ዕድሜዋ ነው ሊል አሰበ። የሚያውቀው ነገር ስላልሆነ ተወው።

"ሂድ በቃ" አለ ረጋሳ ሳይዞር።

ቀጄላ ቤቱ ሲደርስ ጋዲሴ በዓይኗ ጠየቀችው። "አበላሸሁት" አላት። ስለ ቡሴ ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ሳምንቱን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሲውል ሰው ያናገረውን አይሰማም ነበር። ዱሬሳ አይደውልም፤ ቢሊሴ አትጠይቅም። ቀጄላ ልጁን ሲያያት ያሳዝነዋል፤ ረጋሳን ሲያስበው ደግሞ ያፍራል። እውነት ተናግሮ የሚያፍር ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆን አላውቅም።

ዓርብ ማታ ጅረኛ ብቅ አለ። "እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንመጣለን፣ ተዘጋጁ ብሎሃል" አለ። ስለ ብርዙ ሲጠየቅ እጁን ዘረጋ፤ የተነገረው ይህ ብቻ ነው።

እሁድ ያ ሰው ሁሉ እንደገና ሳሎኑን ሞላው። ማንም የቀረ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይቀራል? ረጋሳ ያንኑ ጋቢውን ለብሶ ገባ። በሳምንት ውስጥ ያረጀ ይመስል ነበር። ዱሬሳ ብርዙን በእንስራ አስገባ። ቀጄላ እንስራውን ሲያይ በልቡ እጠጣለሁ አለ። ያንን ያህል ወስጄበት ይህችን አልነፍገውም ብሎ ቆረጠ።

ብርዝ መቅዳት የወጣት ሥራ ነው። ረጋሳ ግን ልጁን በእጁ ገታና ራሱ ተነሣ። ብርጭቆ ያዘ። እንስራውን አልፎ፣ ለእጅ መታጠቢያ ከተቀመጠው ጀሪካን አልፎ፣ ጋዲሴ የመጠጥ ውሃ ወደምታኖርበት ማሰሮ ሄደ። ቀድቶ፣ ሞልቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ያያል። ውሃ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

ጅረኛ አላስቻለውም። "ኦቦ ረጋሳ፣ ለልጅቷ አባት ውሃ ይሰጣል እንዴ? ልማዳችን አይደለም።"

ረጋሳ ብርጭቆውን ለቀጄላ አቀበለው። መልሱን የሰጠው ግን ለጅረኛ ነበር፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ።

"ማሬ ንጹሕ ነው። እሱም መስክሯል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው በቃኝ ሲል ግን በቃኝ ማለቱ ነው። ለቡሴም መስጠት የነበረብኝ ይህንን ነበር።"

ጅረኛ ቁጭ አለ። ዱሬሳ የእናቱ ስም ሲጠራ ቀና ብሎ አባቱን አየ፤ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ቀጄላ ብርጭቆውን አነሣ። ብዙ ውሃ አልነበረም፤ ግን እስኪጨርሰው ድረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረበት።